የዳንቴ «ሲኦል» የፊልም ምሽት፦ የጋራ ዕቅዳችንን እንጨርስ

የፕሮግራም አስተባባሪ፦
ጤና ይስጥልኝ። ጣሊያናዊው ባለቅኔ ዳንቴ ስለ ሲኦል ጉዞው ከጻፈው ግጥም ከተሠሩት ፊልሞች የትኛው ይታይ የሚለው ነው የቀረን። እኔ የማቀርበው እ.ኤ.አ. በ2007 አሜሪካ የተሠራውን የሾን ሜሬዲትን ፊልም ነው። ተዋናዮቹ በእጅ ተሥለው የተቆረጡ የወረቀት አሻንጉሊቶች ናቸው። ዳንቴ ጠጥቶ አድሮ የሚነቃው ከተማ ውስጥ ነው፤ ሲኦሉም የዘመናችን የተጎሳቆለ ከተማ ነው። ከሚቀጡት መካከል የዛሬ ፖለቲከኞችና ዝነኞች አሉ።

ነባር አባል፦
እህቴ፣ እኔ አልተዋጠልኝም። የ14ኛው ክፍለ ዘመን ግጥም ውስጥ የዛሬ ፖለቲከኛ ምን ይሠራል? ጣሊያኖቹ ራሳቸው በ1911 የሠሩት ድምፅ አልባ ፊልም አለ። ለግጥሙ የሚቀርበው እሱ ነው።

የፕሮግራም አስተባባሪ፦
ጋሼ፣ ዳንቴም እኮ ያደረገው ይህንኑ ነው። 19ኛውን ካንቶ (የግጥሙን ምዕራፍ) ይመልከቱልኝ። በመንፈሳዊ ሥልጣን የነገዱት ፖፕ ኒኮላስ 3ኛ ጉድጓድ ውስጥ ተዘቅዝቀው እግራቸው ይነድዳል። ዳንቴ ሲጠጋ ሌላው ፖፕ መስሏቸው «ቦኒፋስ፣ ከአሁኑ መጣህ?» ይላሉ። ታሪኩ የሚካሄደው በ1300 ነው፤ ፖፕ ቦኒፋስ 8ኛ የሞቱት ደግሞ በ1303። በቁማቸው ሲኦል ውስጥ ቦታ ተይዞላቸዋል! ዳንቴ በ1302 ከፍሎረንስ የተሰደደ፣ በዚያ ስደት የቦኒፋስን እጅ ያየ ሰው ነው። ያኔ ያነበበው ሁሉ ስሞቹን ያውቃቸው ነበር። እኛ ማብራሪያ ካልተሰጠን አናውቃቸውም፤ ስለዚህ ንዴቱ አይሰማንም። የ2007ቱ ፊልም የሚመልስልን ያንን ንዴት ነው።

ገንዘብ ያዥ፦
እኔም ከ2007ቱ ጋር ነኝ፤ ምክንያቴ ግን ሌላ ነው። 28ኛው ካንቶ ነቢዩ ሙሐመድን የሚያዋርድ ክፍል አለው፤ የ1911ዱ ፊልም ደግሞ በምስል አሳይቶታል። ሙስሊም እህቶቻችንና ወንድሞቻችን አብረውን ተቀምጠው ያ እንዲታይ አልፈልግም። ደብቀን እንለፈው ማለቴም አይደለም። በውይይቱ ላይ የዚያ ዘመን አውሮፓ ለእስልምና የነበረው ጥላቻ በግልጽ ይነሣ።

ነባር አባል፦
ይህስ እውነት ነው። የቦኒፋስንም ነገር እቀበላለሁ። ግን ከ1911ዱ ሉሲፈር ኃጢአተኛውን የሚያኝክበት ትዕይንት ብቻውን ይግባልኝ። በዚያ ዘመን መሣሪያ እንዴት እንደሠሩት ወጣቶቹ ይዩት።

ሰብሳቢ፦
ጥሩ። ለውይይቱ እኔም አንድ ነገር ልጨምር። ዳንቴ በዚያው ሥራው ሌላ ክፍል፣ በ«ገነት» 19ኛ ካንቶ፣ «ክርስቶስ፣ ክርስቶስ» እያሉ የሚጮኹ ብዙዎች በፍርድ ቀን እሱን ካላወቀው ሰው ይልቅ ከእሱ ይርቃሉ ይላል፤ እንዲህ ባሉት ላይ ኢትዮጵያዊው ይፈርድባቸዋል ብሎም ይጽፋል። ይህ ለእኛ መነጋገሪያ መሆን አለበት።

ረቂቁ እንዲህ ይሁን፦ «ማኅበሩ የ2007ቱን ፊልም ሙሉውን ያሳያል። አስቀድሞ ከ1911ዱ ፊልም የሉሲፈር ትዕይንት ይቀርባል። የ28ኛው ካንቶ ጉዳይ በግብዣው ላይ ይገለጻል፤ በውይይቱም ይነሣል።» አስተባባሪያችን የማሳያ ፈቃዱን ከባለመብቶቹ ትጠይቅ። ጋሼ ደግሞ የ«ሲኦል»ን 19ኛ ካንቶ ጭብጥ በአንድ ገጽ ቢያዘጋጁልን፤ ከፊልሙ በፊት ይነበባል። ተቃውሞ ያለው እስከ እሑድ ይጻፍ።

ነባር አባል፦
አዘጋጃለሁ። የፍሎረንሱንም ስደት እጨምርበታለሁ።