የ«ሺስ ሎስት ኮንትሮል»ን የቤዝና የድራም ድምፅ በቤት ውስጥ እንዴት መቅረጽ ይቻላል?

ጠያቂ፦ የእንግሊዙ የሮክ ቡድን ጆይ ዲቪዥን እ.ኤ.አ. በ1979 ባወጣው «አንኖውን ፕሌዠርስ» አልበም ውስጥ ያለውን ይህን ዘፈን ከድራም ተጫዋች ጓደኛዬ ጋር እየቀረጽን ነው። ኖታውን ባንስትም ቤዙ በጊታሩ ይዋጣል፤ ድራሙም እንደ ዋናው ቀረጻ ደረቅና ጥርት ያለ አልሆነልንም። ምን ትመክሩናላችሁ?

ቤዝ ተጫዋች፦ የቡድኑ ቤዝ ተጫዋች ፒተር ሁክ ዜማውን የሚጫወተው በቀጫጭኖቹ ክሮች ላይ፣ ወደ ላይኛው የድምፅ ከፍታ ወጥቶ ነው። ቀደም ሲል አምፕሊፋየሩ ደካማ ስለነበር በልምምድ ጊዜ ራሱን መስማት የሚችለው ከፍ አድርጎ ሲጫወት ብቻ እንደነበር ተናግሯል፤ ድምፃዊው ኢያን ከርቲስም አጨዋወቱን ስለወደደው የቡድኑ መለያ ሆኖ ቀረ። ስለዚህ ወፍራሙን ድምፅ ቀንሰው መሐለኛውን ከፍ ያድርጉ፤ ዜማውን የያዘው ቤዙ ነውና ጊታሩ አይሻማው።

የቀረጻ ባለሙያ፦ የድራሙ ጉዳይ ከመሣሪያው ይልቅ በአቀራረጹ ላይ ያረፈ ነው። ፕሮዲውሰሩ ማርቲን ሃኔት፣ በስቶክፖርት በሚገኘው ስትሮቤሪ ስቱዲዮ፣ የአንዱ ከበሮ ድምፅ ወደ ሌላው ማይክሮፎን እንዳይገባ የድራም ተጫዋቹን ስቲቨን ሞሪስን እያንዳንዱን ለየብቻ እንዲጫወት አድርጎታል፤ ከዚያም በዲጂታል ዲሌይ (ድምፅን አዘግይቶ በሚደግም መሣሪያ) ሰው ሠራሽ ክፍተት ፈጠረለት። በምቱ ውስጥ የሚሰማው «ፅስ» የሚለው ድምፅ ደግሞ ማይክሮፎን ፊት ከተነፋ የስፕሬይ ጣሳ የወጣ ነው (በተዘጋ ክፍል ውስጥ ግን አትሞክሩት)። ሁክና ጊታር ተጫዋቹ በርናርድ ሰምነር በወቅቱ ይህን የድምፅ ቅዝቃዜ አልወደዱትም ነበር፤ እኔ ግን ዘፈኑን እስከ ዛሬ ያቆየው እሱ ነው እላለሁ።

ሌላ አባል፦ ድምፃዊ ካላችሁ ስሜቱን እንዳያጋንን ንገሩት። ከርቲስ በማክልስፊልድ የሥራ አገናኝ ቢሮ ሲሠራ ስለሚያውቃት፣ የሚጥል በሽታ ስለነበረባትና በኋላም ስለሞተች ሴት ነው የጻፈው፤ እሱም በዚሁ በሽታ ይሠቃይ ነበር። ድምፃዊቷ ግሬስ ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1980 ዘፈኑን በራሷ ስልት ተጫውታዋለች፤ ምቱን ሳትገለብጡ የራሳችሁን መንገድ መያዝ ካሰባችሁ እሱንም አድምጡት።

ጠያቂ፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ያለን ሁለት ማይክሮፎን ብቻ ነው፤ ለየብቻ መቅረጽ ይቻለናል?

የቀረጻ ባለሙያ፦ እንዲያውም ይበቃችኋል። ድራም ተጫዋቹ ሜትሮኖም (ምት ጠባቂ) በጆሮ ማዳመጫ እየሰማ መጀመሪያ የእግር ከበሮውን፣ ቀጥሎ ስኔሩን፣ በመጨረሻ ጸናጽሉን ይጫወት፤ ዲሌዩን ግን ሁሉም ተቀርጾ ካለቀ በኋላ፣ በስኔሩ ላይ ብቻ ጨምሩ።