ኖዱ ፖስትግረስን አላገኝ አለ

የፖሊ ሰፈር ልጅ፦ ሰላም ወገን። ለጣና ጀልባዎች ትኬት መቁረጫ እየሠራሁ ነው። ፊቱ (ተጠቃሚው የሚያየው) ሪአክት፣ ጀርባው (ሰርቨሩ) ኖድ፣ ዳታቤዙ ፖስትግረስ። ሦስቱንም በዶከር ኮምፖዝ፣ ማለትም እያንዳንዱን በየራሱ ኮንቴይነር (የተነጠለ ሣጥን) አድርጎ በአንድ ፋይል በሚያስነሣው መሣሪያ፣ አስነሣኋቸው። ኖዱ ግን ሎካልሆስት («እዚሁ ራሴ ጋ» የሚል አድራሻ) ላይ፣ በፖስትግረስ ፖርት (የመግቢያ በር ቁጥር) 5432፣ ማንም የለም ይለኛል። ከትናንት ማታ ጀምሮ፣ መብራትም ሁለቴ ሄዶብኝ፣ እዚሁ ነኝ።

ዘጌ ቡና፦ ኮንቴይነር ውስጥ ሎካልሆስት ማለት ራሱ ኮንቴይነሩ ነው። ኖድህ የገዛ በሩን እያንኳኳ ነው እኮ! በሎካልሆስት ፈንታ ኮምፖዝ ፋይሉ ላይ ለፖስትግረስ የሰጠኸውን የሰርቪስ ስም ጻፍ። ፖርቱ ያው ነው።

ታንኳ፦ ለፖስትግረሱ ስም ያለው ቮልዩምም (ከኮንቴይነሩ ውጭ ዳታ የሚቀመጥበት ቦታ) ስጠው። ያለዚያ ኮንቴይነሩን ሰርዘህ እንደ አዲስ ስትፈጥረው ባዶ ዳታቤዝ ይጠብቅሃል። የሦስት ቀን ሥራ በልቶብኛል።

የፖሊ ሰፈር ልጅ፦ ሠራ! የሰርቪሱን ስም «ጣና» ብዬው ነበር፣ እሱን ጻፍኩ። የመጀመሪያዋ የደብረ ማርያም ትኬት ተቆረጠች። አሁን ልተኛ።