አሞጽ ያየው የፍሬ ቅርጫት እንዴት ፍርድ ይሆናል?

ጠያቂ (ሐዋሳ)
ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። እዚህ ሐዋሳ ከወጣቶች ጋር የነቢያትን ራእይ እያጠናን አሞጽ 8 ላይ ቆመናል። ነቢዩ የሚያየው የበጋ ፍሬ ያለበት ቅርጫት ነው፤ የሚሰማው ግን በእስራኤል ላይ ፍጻሜ መምጣቱን ነው። ፍሬ በረከት አይደለም እንዴ? አንዳንዶቹ «ፍሬው በስብሶ ነው» አሉ፣ እኔ ግን ይህን ጥቅሱ ውስጥ አጣሁት። ኤርምያስ 1 ላይ ያለው የለውዝ በትርም እንደዚሁ አልገባንም።

ቆፍና ጻዴ
ወንድማችን፣ ልክ ነዎት፤ መበስበስ የሚል የለም። ነገሩ ያለው ፍሬው ላይ ሳይሆን ስሙ ላይ ነው። በዕብራይስጥ የበጋ ፍሬ «ቃዪጽ»፣ ፍጻሜ ደግሞ «ቄጽ» ይባላል። እግዚአብሔር «ምን ታያለህ?» ይለዋል፤ አሞጽ «ቃዪጽ» ብሎ ሲመልስ ያንኑ ድምፅ ተቀብሎ «ቄጽ መጣ» ይለዋል። ቅኔ የለመደ ጆሮ ኅብር (በአንድ ድምፅ ሁለት ትርጉም) መሆኑን ወዲያው ይይዛል።

አሞጽ ከይሁዳ፣ ከቴቁሔ ቢሆንም የተናገረው በሰሜን፣ ቤተል ላይ ነው። ሰሜኖቹ በ«ቃዪጽ» ውስጥ ያለውን «አዪ» ድምፅ አሳጥረው ይናገሩ ነበር፤ በሰማርያ የሸክላ ስባሪ ጽሑፎች ላይ «ያዪን» (ወይን ጠጅ) ያለ ዮድ (የ«ይ» ፊደል) ተጽፏል። ስለዚህ በቤተል ሰው ጆሮ ሁለቱ ቃላት አንድ ዓይነት ድምፅ ሳይኖራቸው አይቀርም። በ1908 የተገኘው የጌዜር የድንጋይ ጽሑፍ ደግሞ የእርሻውን ዓመት ወራት ሲቆጥር የሚጨርሰው በዚሁ ፍሬ ወር ነው፤ የሚጽፈውም በሁለት ፊደል ብቻ፣ በቆፍና በጻዴ። የፍሬው ወቅት ራሱ የዓመቱ መጨረሻ ነበር ማለት ነው።

የነቢያት አንባቢ
ስለ ለውዙ፦ መጀመሪያ ወጣቶቹ ምን እንደታያቸው ጠይቋቸው። ገበያ ላይ ለውዝ ሲባል ኦቾሎኒ ነው፣ ኦቾሎኒ ደግሞ በትር የሚሆን ግንድ የለውም። የኤርምያስ ለውዝ ዛፍ ነው፤ በእስራኤል ምድር ከሌሎቹ ቀድሞ፣ ቅጠል ሳያወጣ፣ በጥርና በየካቲት ገደማ ያብባል። ስሙ «ሻቄድ» ነው፤ ቁጥር 12 ላይ «እተጋለሁ» የተባለው «ሾቄድ» ነው። አማርኛው ትርጉሙን እንጂ ድምፁን ሊያሻግር አልቻለም።

ግን ሁሉም ቦታ ኅብር አትፈልጉ። ከሰሜን ያዘነበለው የሚፈላ ማሰሮ (1፥13) የሚናገረው በሥዕሉ ነው፤ የሚፈላው ወደ ደቡብ፣ ወደ ይሁዳ ይፈስሳል። ኤርምያስ 24 ላይ ደግሞ ሁለት ቅርጫት በለስ አለ፣ አንዱ ከክፋቱ የተነሣ የማይበላ። «በስብሶ ነው» ያሉት ልጆች ይህን ከአሞጽ ጋር ቀላቅለውት ይሆናል።

ጠያቂ (ሐዋሳ)
እግዚአብሔር ይስጥልን። የአሞጽ 7 ቱንቢስ? ከወጣቶቹ ግንበኞች አሉ፤ ግድግዳው ከጠመመ ይፈርሳል ብለው ወደውታል።

ቆፍና ጻዴ
ምሳሌው ያምራል፣ ግን ሙሉ ክብደት አትጫኑበት። ቃሉ «አናክ» ነው፤ በ7፥7-8 አራት ጊዜ ይመጣል፣ በብሉይ ኪዳን ሌላ ቦታ የለም። ተቀራራቢው የአካድ (የጥንቱ የመስጴጦምያ ቋንቋ) ቃል ቆርቆሮ የተባለውን ማዕድን ያመለክታል፤ ሰባ ሊቃናት (የጥንቱ የግሪክ ትርጉም) ደግሞ «አዳማስ» ብለው ጠንካራ ነገር አድርገውታል። ቱንቢ ከትርጓሜዎቹ አንዱ ነው ብላችሁ አስተምሩ።

በቃሉ ትርጉም ላይ ያልተንጠለጠለው የራእዮቹ አካሄድ ነው፣ እኔ ጊዜ የምሰጠው ለእርሱ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ራእዮች፣ በአንበጣውና በእሳቱ (7፥1-6)፣ አሞጽ ይማልዳል፣ እግዚአብሔርም ይመለስለታል። በቱንቢውና በፍሬው ምልጃ የለም፤ በቦታው «ምን ታያለህ?» ይገባል፣ ሁለቱም ላይ ዳግመኛ እንደማያልፋቸው ይነገራል። በአምስተኛው (9፥1) ጥያቄውም ይቀራል፤ ጌታ በመሠዊያው አጠገብ ቆሞ ምታ ብሎ ያዝዛል። ከቤተል ካህን ከአሜስያስ ጋር የተደረገው ክርክር (7፥10-17) መሐል ስለገባ ብዙ አንባቢ ተከታታይነቱን ይስታል፤ ለመጀመሪያው ንባብ ከ7፥9 በቀጥታ ወደ 8፥1 ተሻገሩ፣ ክርክሩን በሚቀጥለው ሳምንት አንብቡት።