«አመፀ» ከጥንትም ግፍን መቃወም ነበር?

ዘጌ ማዶ፦ ትናንት ባሕር ዳር በነበረው የውይይት መድረክ ተናጋሪው «አመፀ ማለት ከጥንትም ግፍን መቃወም ነው» ሲል አዳራሹ በጭብጨባ ቀለጠ። በግእዝ ዐመፀ ማለት በደለ፣ ግፍ ሠራ ነው እኮ! በዳዩን ተበዳይ አደረገው።

የግዮን ልጅ፦ ኧረ ተው። ቋንቋ ይለወጣል። ዛሬ «አመፀ» ሲባል ተነሣ ማለት ነው።

ዘጌ ማዶ፦ ዛሬማ አዎ፤ ሰውዬው ያለው «ከጥንትም» ነው። የሉቃስ 16 «የዓመፃ ገንዘብ»ስ? ግብር አልከፍልም ብሎ ጫካ የገባ ብር ነው?

ሽምብጥ፦ ቃሉ ከዕብራይስጡ «ሐማስ» የመጣ ነው፤ ድርጅቱን አላልኩም። ትርጉሙ ግፍ ነው። አለቀ።

ቅኔ ቤት፦ ምኑ አለቀ? ያ በሐመሩ ሐ ጀምሮ በእሳቱ ሰ ያልቃል። የኛው በዐይኑ ዐ ተነሥቶ በፀሐዩ ፀ ይጨርሳል። «ዕፅ»ን እይ፤ ዕብራይስጥ «ዔጽ» ይለዋል፤ የኛ ዐ በነሱ ፊደል ዓይን፣ ፀ ደግሞ ጻዴ ሆኖ ይመጣል። ከሐማስ ጋር የሚጋሩት መ ብቻ ናት። በመ ብቻ ዘመድ አይቆጠርም።

የግዮን ልጅ፦ ግእዝ ታዲያ ለሸፈተ ሰው ቃል የለውም?

ቅኔ ቤት፦ ዐለወ አለው እንጂ። ከዳ፣ ሸፈተ፣ ካደ። ስንክሳሩ፣ የቅዱሳን ታሪክ መጽሐፉ፣ ክርስቲያን አሳዳጁን የሮም ንጉሥ ዲዮቅልጥያኖስን «ዐላዊ» የሚለው ከዚሁ ነው። ዐመፀ እኔ እንደሚመስለኝ በሕግ በኩል ነው የተሻገረው፦ ግፍ፣ ከዚያ ሕግ መጣስ፣ ከዚያ ለሹም አለመታዘዝ። «ኃጢአትም ዓመፅ ነው» የሚለው የዮሐንስ መልእክት የዚህ ሽግግር መሐል ላይ ያለው ነው።

የግዮን ልጅ፦ ለሹም አለመታዘዝ! ይኸው ወጣ። በ1960 የእርሻ ገቢ ግብርን እምቢ ያለው የሞጣ፣ የቢቸና፣ የዳሞት ገበሬ በደለኛ ነው በለኛ! ቀላድ፣ የመሬት ልኬታው፣ ርስቱን እንዳይበላበት ነው የተነሣው። በአውሮፕላን ተደበደበ፤ ዞሮ ዞሮ ውዝፉ ተሰረዘለት።

ዘጌ ማዶ፦ ገበሬውን ማን ነካው? እሱማ «እምቢ» ነው ያለው። «አመፅ» የጻፈበት ሌላ ነው።

የግዮን ልጅ፦ ስለዚህ አመፀ ወይስ አላመፀም?

ዘጌ ማዶ፦ በየትኛው ዘመን አማርኛ?

የግዮን ልጅ፦ ሽሽት ይሉሃል ይሄ ነው።

ሽምብጥ፦ ቢሮው ሁሉ በአልፋው አ እና በጸሎቱ ጸ «አመጽ» እያለ ይጽፋል፤ እናንተ ዐይንና ፀሐይ ትቆጥራላችሁ።

ቅኔ ቤት፦ እንደዚያ ስለሚጻፍ እኮ ነው ሥሩ ጠፍቶብህ ዕብራይስጥ የሄድከው።

ሽምብጥ፦ አንተስ «ተነሥቶ»ን በንጉሡ ሠ ጽፈህ የለ?

ቅኔ ቤት፦ ትክክል ነው። ግሡ ተንሥአ ነው፤ ሂድና ግስህን ቁጠር።