የዲኤክሷ ጥገና፦ ለጉባኤው የሚቀርበውን ዕቅድ አብረን እናስተካክል

ጸሐፊ፦ ውድ አባላት፣ ዕቅዱ እስከ ቅዳሜ መጠናቀቅ አለበት። መኪናዋ፣ የድሮዋ ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ፣ ባሕር ዳር ሽምብጥ ሰፈር በአባላችን ግቢ ውስጥ ቆማለች፤ ሊብሬዋም ተገኝቷል። የመጀመሪያው ረቂቅ «ሞተሩ በ5ኬ (ተለቅ ባለው ሞተር) ይቀየር፣ ሰፊ ቸርኬ (የጎማ ብረት) ይገጠም፣ ዝቅ ትበል፣ ቀይ ትቀባ» ይላል። ሐሳባችሁን ጻፉ።

ባለ ግቢው፦ ትናንት ምንጣፉን ገለጥኩት። በሾፌሩ በኩል ወለሉን በካቻቢቴ ነካ ባደርገው አለፈ። ከላይ ስትታይ ግን ደህና ትመስላለች።

ጋሼ (መካኒክ)፦ እንግዲያው ቀለሙን ከረቂቁ አውጡት። ሐይቅ ዳር የኖረች መኪና ከውስጥ ነው የምትበላው። የበሮቹ የታችኛው ቀዳዳ በአቧራ ይደፈንና የክረምቱ ውኃ እዚያው ያድራል። ዝገት ላይ ስቱኮ ከለጠፋችሁ ባመቱ ያብጣል። የተበላው ላሜራ ተቆርጦ ይውጣ፣ አዲስ ይበየድ፣ አንቲረስት (ዝገት መከላከያ) ይቀባ። ቀጭን ላሜራ ባንዴ ተስቦ ከተበየደ ይጣመማል፤ ነጠብ ነጠብ እየተደረገ፣ እየቀዘቀዘ ነው የሚሠራው። ከዚያ በፊት ባትሪው ይነቀል፣ የነዳጅ ታንከሩ ይውረድ። ይህችን አደራ ዕቅዱ ውስጥ ጻፉልኝ።

ወጣቱ አባል፦ ጋሼ፣ የወለሉን ተቀብያለሁ። የሞተሩ ነገር ግን ይቅርብን? አሁን ያላት ሞተር፣ 4ኬ፣ 1290 ሲሲ ነው፣ 5ኬ 1486። ከአንድ ቤተሰብ ስለሆኑ ብዙ ነገራቸው ይገጣጠማል። ዲኤክስ ዳገት ላይ ስትደክም ማየት ያሳዝነኛል።

ጋሼ፦ ልጄ፣ ካንዴላዎቿን ነቅዬ አይቻቸዋለሁ፤ አራቱም ጥላሸት ለብሰዋል። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል 1800 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ አየሩ አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ለቆላ የተቆረጠ ጂግለር (የካርቡሬተሩ የቤንዚን ማሳለፊያ ቀዳዳ) እዚህ ቤንዚን ያበዛል፣ ሞተሩም ይታፈናል። መጀመሪያ ካርቡሬተሩ ይታጠብ፣ አነስ ያለ ጂግለር ይሞከር፣ የቫልቩ ክፍተት ሞተሩ ሞቆ ይስተካከል፦ ማስገቢያው 0.20፣ ማስወጫው 0.30 ሚሊ ሜትር። ይህ ሁሉ ተደርጎ ከደከመች ያኔ ስለ 5ኬ እንነጋገር።

ገንዘብ ያዥ፦ የሞተር ቁጥሩ ሊብሬው ላይ ስለተጻፈ ሞተር ከተቀየረ እሱም መመዝገብ አለበት። አለበለዚያ ለቦሎ ስንሄድ እንቸገራለን።

ተማሪው፦ የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል በ2016 ዓ.ም. እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ለምን ወደ ኤሌክትሪክ አንቀይራትም?

ሰብሳቢ፦ ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ እኔም አስቤበታለሁ። ነገር ግን የባትሪ ክብደት የሚሸከም ወለል ገና የለንም፤ ካዝናችንም አይችለውም። አዲስ ካልገባ ደግሞ ያለውን በደንብ ማኖር ራሱ ሥራ ነው። አባቴ በዲኤክስ ስድስታችንን ጭኖ ጎንደር ድረስ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ይወስደን ነበር፤ እንደዚያ የምትታመን ሆና ብትወጣ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ዝቅ የማድረጉን ነገር ግን እቃወማለሁ። ኮብልስቶኑና የፍጥነት መቀነሻው ሆዷን ይፍቀዋል።

ወጣቱ አባል፦ እሺ፣ ዝቅ ማድረጉን ትቻለሁ። ቸርኬው ግን 13 ቁጥር ሆኖ ሰፋ ያለ ይሁንልኝ።

ጋሼ፦ ፋንጎውን (የጭቃ መከላከያውን) እስካልነካ ድረስ ይሁን። ፍሬኑን ማንም አላነሳውም! የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል፤ ቆማ የከረመች መኪና የፍሬን ሲሊንደሯ ከውስጥ ይዝጋል። ጎሚኒው (በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ላስቲክ) በሙሉ ይቀየር፣ ዘይቱም አዲስ ይሁን። እሱ ሳያልቅ ከግቢ እንዳትወጣ።

ጸሐፊ፦ የተስተካከለው ረቂቅ ይኸው፦ «ከጥቅምት 1 ጀምሮ ወለሉና የበሮቹ ሥር ይበየዳል፤ ቀጥሎ ፍሬኑ፣ ከዚያም ካርቡሬተሩና ቫልቩ ይሠራል። ሞተሩ 4ኬ እንደሆነ ይቆያል፤ 5ኬ ከሙከራ መንዳት በኋላ በድምፅ ይወሰናል። ቸርኬው 13 ቁጥር ሰፊ ይሆናል። ቀለም በበጋ፣ በመጨረሻ።» የቀለሙን ዓይነት ጉባኤው ይምረጥ።

ባለ ግቢው፦ ጥቅምት 1 የሚለውን ጥቅምት 15 አድርጉት። ግቢዬ ጥቁር አፈር ነው፤ ሳይደርቅ ክሪክ ብናስገባ ከነሞራሌው (ከሥሩ ከሚደረገው እንጨት ጋር) ይሰምጣል፣ ሥር የሚተኛው ደግሞ ሰው ነው።

ጸሐፊ፦ ተስተካክሏል፦ ጥቅምት 15።