የባንኩ ነጻ ጥሬ ገንዘብ 1.9 ቢሊዮን፣ ትርፉ 800 ሚሊዮን፤ የትርፍ ድርሻው ለምን አነሰ?

ባለአክሲዮን፦
ሰላም ቤቶች። ዋና መሥሪያ ቤቱ ሰንጋ ተራ ሆኖ ቅርንጫፎቹ በአብዛኛው አንድ ክልል ውስጥ ያሉ ባንክ የኦዲት ሪፖርት ይዣለሁ። ከሥራ እንቅስቃሴ የተገኘ ጥሬ ገንዘብ 2.2 ቢሊዮን ብር፣ ለቋሚ ንብረት የወጣ 300 ሚሊዮን፤ ቀሪው፣ ነጻ ጥሬ ገንዘብ የሚባለው፣ 1.9 ቢሊዮን። ከግብር በኋላ ትርፉ 800 ሚሊዮን፣ የተከፈለ ካፒታሉ 4 ቢሊዮን ነው። ይህን ያህል ገንዘብ ካለ ለምን ሁሉም አይከፋፈልም? ጠቅላላ ጉባኤው ላይ ላነሳው ነው።

የሒሳብ ሰው፦
ባታነሳው ይሻላል። ያ ስሌት ለሲሚንቶ ፋብሪካ ይሆናል፤ ለባንክ ግን ብር ራሱ ሸቀጥ ነው። የጥሬ ገንዘብ ፍሰት መግለጫው ላይ ከትርፉ ዝቅ ብለህ እይ፦ የተቀማጭ ጭማሪ ይደመራል፣ የብድር ጭማሪ ይቀነሳል። ተቀማጩ 5 ቢሊዮን፣ ብድሩ 3.5 ቢሊዮን ከጨመረ ልዩነቱ 1.5 ቢሊዮን ነው። እሱ የአስቀማጩ ገንዘብ ነው፤ ነገ መጥቶ ይወስደዋል። የቅርንጫፍ ኪራይም ቢሆን በአይኤፍአርኤስ 16 (ኪራይን የሚመለከተው ዓለም አቀፍ የሒሳብ ደረጃ) መሠረት ዋናው ክፍያ የሚመዘገበው ከሥራ እንቅስቃሴ ሳይሆን ፋይናንሲንግ በሚባለው ክፍል ሥር ስለሆነ ያንተ ስሌት ውስጥ ጭራሽ አልገባም።

ለባንክ የሚሠራው ሊከፋፈል የሚችለውን ካፒታል ማስላት ነው። ከ800 ሚሊዮን 25 በመቶው፣ ማለትም 200 ሚሊዮን፣ ወደ ሕጋዊ መጠባበቂያ (ከትርፍ ላይ በግድ ወደሚቀመጠው) ይገባል። 600 ቀረ። ብሔራዊ ባንክ ደግሞ ባንኮች ለሚሰጡት ብድር መተማመኛ የሚሆን ዝቅተኛ የራሳቸው ካፒታል (የካፒታል ብቃት) እንዲይዙ ይጠይቃል፤ ጥንቁቅ ባንክ ከብድሩ 12 በመቶ ይይዛል እንበል። ለ3.5 ቢሊዮን አዲስ ብድር 420 ሚሊዮን ያስፈልጋል። የቀረው 180 ሚሊዮን፣ በ1,000 ብር አክሲዮን 45 ብር ነው።

ሌጀር፦
ሁለት ጊዜ ቀነስክ እኮ። ሕጋዊ መጠባበቂያው ራሱ ካፒታል ሆኖ ይቆጠራል፤ ስለዚህ ከ420ው 200ው ተሸፍኗል። 800 ሲቀነስ 420፣ 380 ሚሊዮን፤ በ1,000 ብር 95 ብር። ብሔራዊ ባንክ ከባንክ የሚጠይቀው ዝቅተኛ የተከፈለ ካፒታል 5 ቢሊዮን መሆኑን ግን አትርሱ። 4 ላይ ያለ ባንክ ይህን 380 በጥሬው ከሚሰጥ ወደ አክሲዮን ቢቀይረው አይገርምም።

ባለአክሲዮን ወንድሜ፣ አንድ ነገር ፈትሽ፦ በትርፍና ኪሳራው ላይ ያለውን የወለድ ገቢ በጥሬ ገንዘብ መግለጫው ላይ ካለው የተሰበሰበ ወለድ ጋር አስተያይ። የ2017 በጀት ዓመት ሪፖርት ከሆነም የውጭ ምንዛሪ ግምገማ ትርፍን ለይተህ አውጣ፤ ብር ሐምሌ 22 ቀን 2016 በገበያ መተመን ከጀመረ ወዲህ በወረቀት ብቻ ትርፍ ያስመዘገበ ብዙ ነው።

ባለአክሲዮን፦
የወለድ ገቢ 4.1 ቢሊዮን፣ የተሰበሰበ 3.5። የምንዛሪው ትንሽ ነው።

ሌጀር፦
ተመዝግቦ ያልተሰበሰበው 600 ሚሊዮን! ከዓመቱ ትርፍ ሦስት አራተኛው ማለት ነው። ከፊሉ ቀኑ ያልደረሰ ወለድ ይሆናል፤ ቀሪው ግን ተበዳሪው መክፈል ሲያቅተው ውሉ ታድሶ ወለዱ ዋናው ላይ የተደመረበት ሊሆን ይችላል። ያኔ ጨመረ የተባለው 3.5 ቢሊዮን ብድር ሁሉ አዲስ ብድር አይደለም። የተበላሸ ብድሩ ትንሽ መስሎ የሚታየውም በዚሁ መንገድ ሊሆን ይችላል፤ የታደሰ ብድር ጤነኛ ተብሎ ሊመደብ ይችላልና። ጉባኤው ላይ የምትጠይቀው ይህን ነው፦ ውላቸው የታደሰ ብድሮች ስንት ናቸው? ከታደሱ በኋላስ ስንቶቹ ሦስት ተከታታይ ክፍያ ፈጸሙ?