የመጀመሪያው ታሪክ ላይ የሞተውን ጭራቅ እንዴት ልመልሰው?

የሌሊት ተረኛ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ምክር ፈልጌ ነው። ቢሾፍቱ አካባቢ አንድ የአበባ እርሻ ውስጥ ኮልድ ሩም ነው የምሠራው። ሌሊት ተረኛ ስሆን በስልኬ አጫጭር ልብ ወለድ እጽፋለሁ። ባለፈው ዓመት «ሽበት» የሚል አስፈሪ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ጽፌ ነበር። ጭራቁን ያገኘሁት ከሥራዬ ነው፤ ጽጌረዳ የሚያበላሽ ቦትራይቲስ የሚባል ግራጫ ሻጋታ አለ። አበባውን በምናስቀምጥበት 2 እና 3 ዲግሪ ላይ እንኳ ቀስ እያለ ያድጋል። ታሪኩ ውስጥ፣ ወደ ማርስ አበባና ዘር በምትጭን መርከብ ላይ ይሄ ሻጋታ ሰው ይይዛል። የያዘው ሰው መጀመሪያ ፀጉሩ ይሸብታል፣ ቀጥሎ በሞቱ ዘመዶቹ ድምፅ ማውራት ይጀምራል። መጨረሻ ላይ ሙሉ የምትባል ቴክኒሻን የጭነት ክፍሉን በር ወደ ሕዋ ትከፍተዋለች። ጓደኛዋ ደሳለኝ ውስጥ እንዳለ። ጭራቁ ይሞታል፣ አለቀ።

አሁን ሁለተኛውን ጻፍኩ። አንዲት ስፖር፣ ማለትም ሻጋታው የሚራባባት ደቃቅ ዘር፣ የበሩ ጎማ ስር ተርፋ ነበር ብዬ መለስኩት። አገዘፍኩት፣ ብዙ ሰው አስገደልኩት። ባለቤቴ የመጀመሪያውን ያነበበች ቀን መብራት አጥፍታ መተኛት አቅቷት ነበር። ሁለተኛውን ስትጨርስ ግን ስልኩን መለሰችልኝና «እሱን እኮ አውቀዋለሁ» አለች። ሌላ ምንም አላለችም። ሦስት ቀን ሙሉ ይሄ ቃል ከጆሮዬ አልወጣም። የታወቀ ጭራቅ እንደገና ማስፈራት ይችላል? ወይስ ሞቶ ይቅር?

ትዕግስት የማታ አንባቢ፦
ይቅር ባይ ነኝ። «ሽበት»ን አንብቤዋለሁ። ያስለቀሰኝ ደሳለኝ በመስታወቱ በኩል እጁን አንስቶ «በሩን ክፈችው» ያላት ቦታ ነው። ጭራቁን ከመለስከው ደሳለኝ ለምን ሞተ? እባክህ እሱን አትንካብኝ።

ጡረተኛው የአማርኛ መምህር፦
ልጄ፣ ጥያቄህ ትልቅ ነው። እኛ ልጆች ሳለን አያ ጅቦ ማታ ተረቱ ውስጥ ገደል ገብቶ ይሞታል፣ በነጋታው ማታ ሌላ ተረት ውስጥ ይመጣል። እንዴት ዳነ ብሎ የጠየቀ ልጅ አላስታውስም። የሚመጣው በዚያው በሆዱ ነውና ረሃቡ ካለ እሱም አለ። ተረት ይሄን ይፈቅዳል። አንተ የያዝከው ግን ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ነው፤ አንባቢህ ምክንያት ይጠይቅሃል።

የጎማዋ ስፖር ችግሯ ንግር፣ ማለትም ቀድሞ የተሰጠ ፍንጭ፣ የሌላት መሆኑ ነው። በመጀመሪያው ታሪክ ስለዚያ ጎማ አንድም ቃል አልተነገረም፤ ስለዚህ መመለሱ ከታሪኩ ሳይሆን ከደራሲው ፍላጎት የመጣ ይመስላል። ልብ ሰቀላውን የገደለውም ይኸው ነው። የመጀመሪያውን ጽሑፍ ቀይ እስክሪብቶ ይዘህ እንደ ሌላ ሰው ሥራ አንብበው። ሳታስበው ያስቀመጥከው፣ ገና ያልተከፈለ ዕዳ ይኖራል። ጭራቁ በእሱ በኩል ይምጣ።

አንቴና፦
የመምህርን ሐሳብ የሚያጠናክር እውነተኛ ታሪክ ልንገርህ። አምሳት ኦስካር 7 የሚባል የአማተር ሬዲዮ ሳተላይት አለ። በ1974 እ.ኤ.አ. ወደ ሕዋ ወጣ፤ በ1981 ባትሪው ሾርት አድርጎ ሞተ። ከዚያ ሃያ ዓመት ዝም አለ። በ2002 ሰዎች ሬዲዮ ሲያዳምጡ ድምፁን ሰሙት! የሆነው እንዲህ ነው፦ ሾርት ያደረገው ባትሪ ውሎ አድሮ ጭራሹን ተቋረጠ፣ ያኔ የፀሐይ ፓነሎቹ ኃይል ሳይባክን በቀጥታ ወደ ሬዲዮው መድረስ ጀመረ። ባትሪ ስለሌለው የምድር ጥላ ውስጥ ሲገባ ይጠፋል፣ ፀሐይ ሲያገኝ ይነሳል። ይሄን መጀመሪያ ሳነብ እኩለ ሌሊት ነበር፤ ክንዴ ላይ ያለው ፀጉር ቆመ። ያስነሳው ያው የገደለው ነገር መሆኑን ልብ በልልኝ። ያንተን ጭራቅ ምን ነበር የገደለው? ከዚያ ጀምር።

የባሌ ልጅ፦
እኔ ልብ ወለድ አልጽፍም፣ ግን ሞቶ የሚመለስ ሻጋታ አውቃለሁ። አባቴ ስንዴ ገበሬ ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. ቢጫ ዋግ የሚባል የስንዴ በሽታ መጥቶ ኩብሳ የሚባለውን ዘር ፈጀው። ገበሬው ዲጋሉ ወደሚባል ሌላ ዘር ዞረ፤ ዲጋሉ ቢጫውን ዋግ ይቋቋማልና። አሸነፍን ተባለ፤ አገሩ ሁሉ ዲጋሉ ዘራ። በ2013 መጨረሻ ላይ ደግሞ የግንድ ዋግ መጣ፣ ዲጋሉን ለይቶ የሚያጠቃ ሌላ ዝርያ። አባቴ ከማሳ ሲመለስ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ዝገት የመሰለ ዱቄት ለብሶ ነበር። እናቴ ደጅ ላይ በእጇ ስታራግፍለት ሁለቱም አይናገሩም። ያዳነን ዘር ነበር በየማሳው የቆመው፣ አዲሱ ዋግም የገባው በዚያው ዘር በኩል ነው።

ጭራቅህን አታግዝፈው ወንድሜ። ሙሉ ምን አድርጋ እንዳሸነፈችው አውቆ ይምጣ።

የሌሊት ተረኛ፦
መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ሌሊት መልሶቻችሁን ሥራ ቦታ ሆኜ ደጋግሜ አነበብኩ። እኛ ከየጭነቱ ጥቂት ዘንግ ቀንሰን ቫዝ ውስጥ እናቆማለን፣ ገዢው ቤት ስንት ቀን እንደሚቆይ ለማየት። ከእነሱ አምስተኛ ቀኑን የያዘ አንድ ጽጌረዳ አነሳሁ። ሲቆረጥ ንጹሕ ነበር፣ ራሴ አይቼዋለሁ። አሁን የውጭው ፔታል ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል ቡናማ ነቁጥ ወጥታለች። ሁለት ፔታል ገለጥ ሳደርግ ውስጡ ግራጫ ጸጉር አብቅሏል። ከግሪንሀውስ ጀምሮ እዚያው ተኝቶ ነበር ማለት ነው። ስምንት ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ቆይቼ ይሄን ለታሪኬ አለማሰቤ ገረመኝ።

የጎማዋን ስፖር ሰረዝኳት። የተረፈችው ሙሉ ናት።

ትዕግስት፣ ስለ ደሳለኝ ያልሽው ልቤን ነክቶታል፤ ግን ያልተከፈለው ዕዳ እሱ ነው፣ ልተወው አልቻልኩም። አዲሱ መጀመሪያ ይኸውላችሁ፦

«ሙሉ ማርስ ከገባች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። በከተማዋ ጉልላት ስር አራት መቶ ሰው ይተነፍሳል፤ የአየር በሩ ቁልፍ ያለው በእሷ እጅ ነው፣ ከእሷ በላይ የሚታመን ስለሌለ። ዛሬ ጠዋት ስታበጥር ማበጠሪያው ላይ አንድ ሽበት አገኘች። ዕድሜዬ ነው ብላ ጣለችው። ማታ ጥርሷን ስትቦርሽ አፏ ሳታዘው ተንቀሳቀሰ፣ በደሳለኝ ድምፅ፣ ቀስ ብሎ፦ በሩን ክፈችው።»